ደወሉ ውስጥ የተወተፈው እጅጌ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የሸሚዝ እጅጌ አለ። ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ዝገት ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ቁልፍ ቀርታለች። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፍና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይለኛል። ብዙ ጊዜ "ታሪኩ ረጅም ነው" ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ ግን ከሥር ከመሠረቱ ልጽፈው ቁጭ ብያለሁ።

ሥራዬ የእሳት መከላከያ ዕቃ መፈተሽና መጠገን ነው። በይበልጥ ስፕሪንክለር። ኮርኒስ ላይ ተራ በተራ የተተከሉት፣ መሃላቸው ላይ ቀይ ብርጭቆ ያለባቸው፣ አውራ ጣት የሚያህሉት ነገሮች ማለት ነው። ሰው በየቀኑ ከሥራቸው ያልፋል፣ ልብ አይላቸውም። እሳት ሲነሣ ግን ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ተከፍተው ውሃ ይረጫሉ።

ስለነሱ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ውሃው ነው። ምን ያህል ይረጫል? ዕቃዬን ያበላሽብኛል ወይ? ስለ ደወሉ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ በሥራው ላይ ዓመት በጨመርኩ ቁጥር ልቤ ወደ ደወሉ ነው የሚሄደው። እሳት የሚያጠፋ መሣሪያ ሰው ካልጠራ ሥራውን ግማሽ ነው የሠራው። ይሄን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን እጅጌው እጄ ላይ የገባ ቀን ነው።

ወደ እጅጌው ከመድረሴ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ራሱን ችሎ እሳት ያጠፋል ተብሎ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱ የ1723 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሠሪው አምብሮስ ጎድፍሬይ ይባላል። ጀርመን ተወልዶ ለንደን የኖረ ኬሚስት ነው። ከታዋቂው ሳይንቲስት ከሮበርት ቦይል ጋር ሠርቷል፣ ፎስፈረስ በማምረትም ስሙ የታወቀ ነበር። ፎስፈረስ ደግሞ አየር ሲነካው በራሱ የሚነድ ነገር ነው። ዕድሜውን ከእንዲህ ያለ ዕቃ ጋር የኖረ ሰው ስለ እሳት ማጥፊያ ማሰቡ አይገርመኝም።

የጎድፍሬይ መሣሪያ በርሜል ነው። በርሜሉ እሳት በሚያጠፋ ፈሳሽ ይሞላል። መሃሉ ላይ ከቆርቆሮ ቅልቅል የተሠራ ዕቃ አለ፣ ዕቃው ውስጥ ባሩድ አለ። ከባሩዱ ወደ ውጭ የሚወጣ ክር አለ። እሳቱ ክሩን ሲይዘው ባሩዱ ይፈነዳል፣ በርሜሉ ይበተናል፣ ፈሳሹ በክፍሉ ሁሉ ይረጫል። በቃ ይኸው ነው። እሳቱ ራሱን የሚያጠፋበትን ነገር ራሱ ይለኩሳል።

ጎድፍሬይ ባሩዱን ያስገባው ፈሳሹን ለመበተን ነው። እኔ ግን ስለዚህ በርሜል ባሰብኩ ቁጥር ፈሳሹን ትቼ ድምፁን ነው የምሰማው። ሌሊት ነው እንበል፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል። ምድር ቤት ውስጥ በርሜሉ "ድም!" አለ። እሳቱ ጠፋም አልጠፋም፣ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ሰው የለም። ጎረቤትም ይነሣል። ማጥፊያውና ማንቂያው አንድ ዕቃ ሆኑ ማለት ነው።

ሐሳቡ አልሞተም። ዛሬ ገበያ ላይ ደረቅ ዱቄት የተሞሉ፣ ኳስ የሚያካክሉ ማጥፊያዎች አሉ። እሳት ያሰጋል በሚባልበት ቦታ፣ ከኤሌክትሪክ ሰሌዳ በላይ ለምሳሌ፣ ይሰቀላሉ። ነበልባል ሲነካቸው በሴኮንዶች ውስጥ ይፈነዳሉ፣ ዱቄቱን ይበትናሉ። ሻጮቹ "ፍንዳታው እንደ ማንቂያም ያገለግላል" ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማ የሽያጭ ወሬ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው የጎድፍሬይ በርሜል ነው፤ ቅርጹ ብቻ ነው የተለወጠው።

ፍንዳታ ግን አንድ ችግር አለበት። አንድ ጊዜ ነው የሚጮኸው። የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ አለፈው። ከሩቅ የሰማው ሰው ደግሞ በር በኃይል የተዘጋ ሊመስለው ይችላል። የሚያስፈልገው ሰው እስኪመጣ ድረስ የሚጮህ ነገር ነው። እሱ እስኪመጣ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

በመሃሉ ቧንቧ መጣ። ለንደን ውስጥ ድሩሪ ሌን የሚባለው ቴአትር በ1809 ተቃጥሎ እንደገና ሲሠራ፣ በ1812 ዊልያም ኮንግሪቭ በነደፈው ዘዴ ቧንቧ ተዘረጋበት። 95,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንከር ነበረው፤ ከሱ የሚነሣው ቧንቧ ቴአትሩን ሁሉ ያዳርሳል፣ ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ላይ ቀዳዳ ተበስቷል። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ውሃው እንዲመጣ ሰው ቫልቭ መክፈት ነበረበት። ሰውየው ከተኛ ወይም ከሸሸ 95,000 ሊትሩ ታንከሩ ውስጥ ቁጭ ይላል። በኋላም አሜሪካ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይሄንኑ የተበሳሳ ቧንቧ ኮርኒሳቸው ላይ ዘርግተው ነበር። የነሱም ችግር አንድ ነው። ቫልቩን ሲከፍቱት እሳት ያለበትም የሌለበትም እኩል ይበሰብሳል።

ሰውን ከመሃል ያወጣው ሄንሪ ፓርመሊ ነው። አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ የፒያኖ ፋብሪካ ነበረው። ፒያኖ ፋብሪካ ማለት እንግዲህ የደረቀ እንጨት፣ ቫርኒሽ፣ ሙጫና የእንጨት ብናኝ ነው። ፊሊፕ ፕራት የተባለ ሰው በ1872 ያስመዘገበውን ሐሳብ አሻሽሎ፣ በ1874 የገዛ ፋብሪካው ውስጥ ገጠመው። የውሃ መርጫውን በነሐስ ቆብ ሸፈነው፣ ቆቡን በቶሎ በሚቀልጥ ስታኞ በየደው። ክፍሉ ሲግል ስታኞው ይቀልጣል፣ ቆቡ ይወድቃል፣ ውሃው ይመጣል።

እንዲህ ያለውን ስታኞ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው መሳቢያቸው ውስጥ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ነበረቻቸው። ቢስሙት፣ እርሳስ፣ ቆርቆሮና ካድሚየም ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። መዳፍ ላይ ስታስቀምጡት ከበድ ይላል፣ እንደማንኛውም ብረት ቀዝቃዛ ነው። ብርጭቆ ውስጥ አስገብተው የሞቀ ውሃ አፈሰሱበት። ያልፈላ ውሃ ነው። ቁራጯ መጀመሪያ ጠርዟ ላላ፣ ቀጥሎ መሃሏ ረገበ፣ ከዚያ እንደ እንባ ክብ ሆና ታችኛው ጥግ ተንከባለለች። 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው የሚቀልጠው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። "አየህ፣ እሳቱን የምትጠብቀው እሷ ናት" አሉኝ። (ካድሚየምና እርሳስ መርዝ ናቸው። ያቺ ብርጭቆ ዳግመኛ ሰው አልጠጣባትም።)

የፓርመሊ ቆብ አንድ ጉድለት ነበረው። ስታኞውን ከውስጥ በኩል ውሃ ይነካዋል። ውሃው እያቀዘቀዘ መቅለጫው ሰዓት ላይ ያዘገየዋል። እሱን ያስተካከለው ፍሬድሪክ ግሪኔል ነው። ፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ የቧንቧ ኩባንያ ነበረው፤ የፓርመሊን መርጫዎች የሚያመርትለትም እሱ ነበር። ስታኞውን ከውሃው አርቆ፣ የተረጨውን ውሃ የሚበትን ጥርስ ያለው ሳህን ገጥሞ፣ በ1881 ስሙን የተሸከመውን መርጫ አስመዘገበ። በ1890 ደግሞ በብርጭቆ ክዳን የሚዘጋውን አመጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው የኔ ዘመን መርጫ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ግሪኔልን የምወደው ግን በመርጫው ብቻ አይደለም። አርባ ገደማ የሚሆኑ የፈጠራ ፓተንቶች ነበሩት፤ ከሥራዎቹ መሃል አውቶማቲክ የእሳት ማንቂያ አለ። መርጫው ሲከፈት ደወል መደወል እንዳለበት ያሰቡት ሰዎች ዘመን ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፦ መርጫ አንዴ ከተከፈተ ራሱ አይዘጋም። ስታኞው ቀልጧል፣ ወይ ብርጭቆው ተሰብሯል፤ ተመልሶ አይገጥምም። እሳቱ በአምስት ደቂቃ ቢጠፋም ውሃው ይቀጥላል። ሰው መጥቶ ዋናውን ቫልቭ እስኪዘጋ ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ ሰው መጠራት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም፤ ሁሌ ስለምጠየቅ ነው። ፊልም ላይ አንዱ መርጫ ሲከፈት ሁሉም አብሮ ይከፈታል። በተለመደው ስፕሪንክለር እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ሙቀት ነው የሚጠብቀው። ቀዩ ብርጭቆ በ68 ዲግሪ፣ ቢጫው በ79፣ አረንጓዴው በ93 ነው የሚሰበረው። ውስጡ ፈሳሽና አንዲት ትንሽ የአየር አረፋ አለች። ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጣል፣ አረፋዋ እያነሰች እያነሰች ትጠፋለች፤ ቦታ ሲያጣ ብርጭቆውን ይሰብረዋል። ከእሳቱ በላይ ያለው ይከፈታል፣ ክፍሉ ማዶ ያለው ምንም አይሰማውም። ብዙ እሳት በአንድ ወይም በሁለት መርጫ ነው የሚያዘው።

አሁን ደወሉ እንዴት እንደሚደወል ልንገራችሁ። ይሄን ክፍል በጣም ነው የምወደው፣ ታገሱኝ።

ዋናው ቫልቭ ውስጥ እንደ መዝጊያ የሚነሣ ክዳን አለ። ክላፐር እንለዋለን። በሰላሙ ጊዜ ተኝቶ ነው የሚኖረው። ክዳኑ የሚያርፍበት ቀለበት ላይ ዙሪያውን ቦይ ወጥቶለታል፣ ቦዩ ውስጥ ቀዳዳዎች አሉ። ክዳኑ ሲተኛ ቦዩን ይደፍነዋል። ኮርኒስ ላይ አንዲት ብርጭቆ ተሰበረች እንበል። ውሃው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ክዳኑን ያነሣዋል። ቦዩ ይከፈታል፣ ከሚያልፈው ውሃ ጥቂቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። በቀጭን ቧንቧ አድርጎ ወደ ግድግዳው ይመጣል። እዚያ ጭብጥ የምታህል የውሃ መዘውር አለች። ውሃው ክንፎቿን እየመታ ያሽከረክራታል። ዘንጓ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ መዶሻ አለ። መዶሻው በደወሉ ጉልላት ውስጥ ሆኖ ይቀጠቅጣል።

ባትሪ የለም፣ ሽቦ የለም። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። እሳቱን የሚያጠፋው ውሃ ራሱ ነው የሚጮኸው። ውሃው እስካለ ድረስ ጩኸቱም አለ፣ ውሃው ሲዘጋ ጩኸቱም ይቆማል። ከዚህ የበለጠ የማይዋሽ ማንቂያ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ይረብሸዋል፤ የግፊት መዋዠቅ። የከተማ ውሃ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በተለይ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሲጨምር ክዳኑ ለአፍታ ብድግ ይልና መልሶ ይተኛል፣ ትንሽ ውሃ ወደ ቦዩ ያመልጣል። በዚህ ሁሉ ደወሉ ቢጮህ ማን ይተኛል? ለዚህ መላ ተበጀለት። በቫልቩና በደወሉ መሃል አንድ የብረት ዕቃ ይገባል። ሪታርድ ቻምበር ይሉታል፤ እኛ ግን "ጋኑ" ነው የምንለው፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ስለሆነ። ውሃው ደወሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ጋኑን መሙላት አለበት። ከጋኑ ሥር ደግሞ ጠባብ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለች። ትንሽ ውሃ ከመጣ በዚያች ቀዳዳ ይወርዳል፣ ደወሉ ዝም ይላል። እውነተኛ እሳት ከሆነና ውሃው ካላቋረጠ ግን ቀዳዳዋ አትችለውም፤ ጋኑ ይሞላል፣ ደወሉ ይጮሃል።

ያቺን ቀዳዳ አስታውሷት።

አንድ ማለዳ ስልክ ተደወለልኝ። አንድ የዕቃ መጋዘን ነው፤ ስሙን አልጠራም። ከዚያ በፊት የኛ ደንበኛ አልነበረም። "ውሃ ፈሶብን ነው፣ ቧንቧ ሳይፈነዳ አልቀረም" አሉኝ። ስደርስ ውሃው በበሩ ሥር ወጥቶ ግቢውን አልብሶታል። ሠራተኞቹ መግቢያው ላይ ቆመዋል። ገብቼ ዋናውን ቫልቭ ዘጋሁ። ከዚያ ቀና አልኩ።

የፈነዳ ቧንቧ የለም። ከአንድ የካርቶን ቁልል በላይ ያለው መርጫ ብርጭቆው የለም። ቁልሉ ጫፍ ላይ ክንድ የሚያህል ቦታ ጠቁሯል። ከጎኑ ግድግዳው ላይ የተቃጠለ የመብራት ሽቦ ተንጠልጥሏል። ቁልሉን አንድ ዙር ዞርኩት። የላይኛዎቹ ሁለት ካርቶኖች ከሰል ሆነዋል፣ ሦስተኛው ጠርዙ ብቻ ነው የተለበለበው። ከሱ በታች ያሉት አልነደዱም፤ በስብሰው ነው የፈረሱት። እሳት ተነሥቶ ነበር፤ ያቺ አንዲት መርጫ ገና በእንጭጩ አጥፍታዋለች። መጋዘኑን አድናዋለች። ማንም አላወቀላትም።

የሌሊት ጥበቃው አዛውንት ናቸው። ጥግ ላይ ቆመው ያዩኛል። "ጋሼ፣ ሌሊት ምንም አልሰሙም?" አልኳቸው።

"ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ የመጋዘኑ መብራት ጠፍቶ ነበር። ፊውዝ መስሎኝ ተውኩት" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ሽቦው የተቃጠለው። እኔ ቫልቩን የዘጋሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰባት ሰዓት። እንዲህ ያለው መርጫ በአንድ ባር ግፊት በደቂቃ 80 ሊትር ገደማ ያፈሳል። በሰዓት 4,800 ነው። በሰባት ሰዓት 33,600 ሊትር። ሌሊት ግፊቱ ከአንድ ባር ስለሚበልጥ ከዚያም በላይ ነው። እሳቱ የጠፋው ምናልባት በመጀመሪያው 400 ሊትር ነው። የቀረው በከንቱ የፈሰሰ ነው፣ ያበላሸው ዕቃም ለመናገር ያሳዝናል።

ሕንፃው አሮጌ ነው። የኤሌክትሪክ ማንቂያ የለውም፤ የውሃው ደወል ብቻ ነው ያለው። እሱም ውጭ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ቀይ ቀለሙ የተላላጠ፣ ትልቅ ድስት የሚያህል። መሰላል አስመጥቼ ወጣሁ። እጄን በጉልላቱ ሥር ሰደድኩ። ለስላሳ ነገር ነካሁ። ስስበው እምቢ አለኝ፤ በመዶሻው ዙሪያ ተጠቅጥቋል። እየጎተትኩ አወጣሁት። የሸሚዝ እጅጌ ነው፣ ከትከሻው በመቀስ የተቆረጠ። ቁልፏ አለች።

መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ወደ ታች አየሁ። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተዋል።

አልተቆጣሁም። ይሄን የምለው ደግ ሰው ለመምሰል አይደለም። መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር። ግን ወርጄ ጋኑን ስፈታው ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። ማፍሰሻዋ ቀዳዳ በዝገት ቅርፊት ተደፍናለች። የምስር ፍሬ የምታህል ቅርፊት ናት። ቀዳዳዋ ስለተደፈነች ሌሊት ሌሊት የሚያመልጠው ውሃ የሚወርድበት አጣ። ጋኑ ሞልቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ትንሽ ሲነሣ ደወሉ ይጮሃል። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ደወሉ ይጮሃል።

"በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት ይጮህ ነበር" አሉኝ አዛውንቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሮጬ እገባለሁ፣ ምንም የለም። ጎረቤት ይወጣና ይቆጣኛል። ለአለቆቹ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ሰው ይመጣል አሉኝ፣ የመጣ የለም። በኋላ አንዱ 'ዝም አሰኘው' አለኝ። በምን ዝም ላሰኘው? የራሴን ሸሚዝ ቆርጬ ነው።"

ቫልቩ ላይ የፍተሻ ካርድ ተንጠልጥሏል። ከኛ በፊት የነበሩት የሞሉት ነው። "ደወል" በሚለው መስመር ላይ ምልክት አለ፣ ፊርማ አለ። ደወሉ ቢፈተሽ ኖሮ እጅጌው ያን ቀን ይገኝ ነበር። ስለሱ ብዙ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እዚህ የማነሣው ሰው ለመክሰስ አይደለም። ካርዱ ላይ ምልክት ማድረግ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ደወሉን ማስጮህ ግን ጎረቤት ያስቆጣል፣ ውሃ ያፈሳል፣ ከሕንፃው ማዶ ለማዶ ያስኬዳል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚዘለለው ደወሉ የሚሆነው። መርጫውን፣ ቧንቧውን፣ የግፊት መለኪያ ጌጁን ሁሉም ያያል።

ይሄን ስጽፍ ያስተማሩኝ ሰው ግድግዳቸው ላይ ያስቀመጡት አሮጌ ማጥፊያ ትዝ አለኝ። ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በየቤቱና በየፋብሪካው ይሰቀል የነበረ ነው። አምፖል የመሰለ ብርጭቆ፣ ውስጡ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ። ብርጭቆው ሥር ሞላ ያለው መዶሻ፣ መዶሻውን የያዘች የስታኞ ቁራጭ። ሲሞቅ ስታኞዋ ትቀልጣለች፣ መዶሻው ብርጭቆውን ይሰብራል፣ ፈሳሹ እሳቱ ላይ ይፈሳል። ይሄም አውቶማቲክ ነው። እሳቸው የነበራቸው ደወል የለውም፤ ለብቻው ይሰበራል፣ ለብቻው ያጠፋል። ፈሳሹ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው፣ እሳት ሲነካው ፎስጂን ይወጣዋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተፈጀበት ጋዝ ማለት ነው። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ተሰብሮ፣ ማንንም ሳይጠራ፣ መጀመሪያ በሩን የሚከፍተውን ሰው ይጠብቃል። የሳቸውን ብርጭቆ ከመስቀላቸው በፊት ባዶ አስደርገውታል። ከአያት ከቅድመ አያት ቤት እንዲህ ያለ ብርጭቆ ፈሳሹን እንደያዘ ካገኛችሁ አትነቅንቁት፣ አትክፈቱት፤ አደገኛ ኬሚካል የሚያስወግዱ ሰዎች ይውሰዱት።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጠረግኳት። ቅርፊቷ ወጥታ መዳፌ ላይ ወደቀች። ጋኑን አጠብኩት። መዘውሯን ፈትቼ ክንፎቿን አየሁ፣ ደህና ናት። የተሰበረችውን መርጫ በአዲስ ቀየርኩ፤ ያውም ባለ 68 ዲግሪዋን፣ አረፋዋን ወደ ብርሃን ይዤ አይቼ። ውሃውን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ፣ አየሩ ወጣ፣ ጌጆቹ ቆሙ።

ከዚያ ረዳቴን ሕንፃው ጀርባ ላክሁት። ከቫልቩ በጣም ርቆ፣ መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የፍተሻ ቧንቧ አለ። አፉ የአንድ መርጫ ያህል ብቻ ውሃ እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። እሱ ሲከፈት ቫልቩ አንድ መርጫ የተሰበረ ይመስለዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ እዚያ ጥግ አንዲት ብርጭቆ ብትሰበር፣ እዚህ ደወሉ ይሰማል ወይ?

በስልክ "ክፈት" አልኩት። ሰዓቴን ያዝኩ።

አዛውንቱ ሳልጠራቸው መጥተው ደወሉ ሥር ቆሙ። አሥር ሴኮንድ። ጌጁ ትንሽ ወረደ። ክዳኑ ሲነሣ ቫልቩ ውስጥ "ቋ" አለ። ሃያ። ጋኑ ውስጥ ውሃው ሲወጣ ይሰማኛል፣ እንስራ ሲሞላ ድምፁ እንደሚቀጥነው እየቀጠነ ነው። ከሥር ቀዳዳዋ ትጥላለች፣ ግን አልቻለችውም። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ።

በሠላሳ አራተኛው ሴኮንድ መዶሻው አንድ ጊዜ መታ። ቆም አለ። እንደገና መታ። ከዚያ ተያያዘው። ግድግዳው ራሱ የሚንቀጠቀጥ ነው የሚመስለው። ሠራተኞቹ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ጎረቤት አንድ መስኮት ተከፈተ፣ አንዲት ሴት ብቅ አሉ።

አዛውንቱ ጆሯቸውን አልያዙም። ቀና ብለው ደወሉን ያያሉ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ እየጮህኩ "ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሳት ከሌለ አይጮህም፤ ከጮኸ ደግሞ እሳት አለ ማለት ነው" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እጅጌውን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። "ቁልፏ እንኳ ደህና ናት፣ ይውሰዱት።"

አዩት። አልተቀበሉኝም። "ይዘኸው ሂድ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሴትዮዋ አወዛወዙ። "ፈተና ነው! ፈተና ነው እየሠራን ያለነው!" ይላሉ፤ ከደወሉ ጩኸት የተነሣ ሴትዮዋ አንድ ቃል አልሰሙም። እሳቸው ግን ደጋግመው ይነግሯቸዋል። እኔም ረዳቴን ዝጋ ለማለት አልቸኮልኩም።